ራውተር ከመግዛታችን በፊት ቤታችንን እንወቅ

ለቤት የሚሆን የገመድ አልባ ኢንተርኔት መሣሪያ፣ በተለምዶ ራውተር የሚባለውን ዕቃ፣ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ሰው ሦስት ነገሮች ሲነገሩት ይሰማል። አንደኛው የአንቴናው ብዛት ነው፤ ሁለተኛው በሣጥኑ ላይ በጉልህ የታተመው የፍጥነት ቁጥር ነው፤ ሦስተኛው «ይኼኛው ግድግዳ ይበሳል» የሚለው የሻጩ ማረጋገጫ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ዕቃው ነው። ዕቃው ስለሚገባበት ቤት ግን የሚጠይቅም የሚመልስም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ማሳየት ነው። እኛ እንደምናምነው፣ ራውተር መመረጥ ያለበት በመጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባውን መስመር፣ ቀጥሎ የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ፣ በመጨረሻም የዕቃውን ሣጥን በማጥናት ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ተማሪው የትምህርት ጽሑፉን የሚያወርደው፣ ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ ሥራውን የሚያከናውነው፣ እናት በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የምትኖረውን ልጇን ፊት ለፊት እያየች የምታነጋግረው በዚሁ መሣሪያ አማካይነት ነው። ግንኙነቱ በተቆራረጠ ቁጥር ቤተሰቡ ከወር ወጪው ቀንሶ የተሻለ የተባለ ራውተር ይገዛል፤ ችግሩ ሳይፈታ ሲቀር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ውድ የሆነውን ይፈልጋል። ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ያለ ምክንያት የተገዛ ራውተር የሚያባክነው የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአገርንም የውጭ ምንዛሪ ነው።

ዚንክ ይመልሳል፣ እንጨት ያሳልፋል

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 በካርልስሩኸ ከተማ ባካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ በስሌት የተነበያቸው ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገዶች በእርግጥ መኖራቸውን አረጋገጠ። ኸርዝ የዚንክ ዝርግ ብረት በሞገዶቹ ፊት ሲያቆም ወደ ኋላ እንደሚንጸባረቁ፣ የእንጨት በር ሲዘጋባቸው ግን አልፈው እንደሚሄዱ ተመለከተ። ራውተር ለሚገዛ ሰው ከሚያስፈልገው ዕውቀት ዋነኛው በእነዚህ ሁለት ምልከታዎች ውስጥ ይገኛል። የቤታችን ጣሪያ የሚለብሰው ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

በቤት ውስጥ የተለቀቀ ሞገድ ከጣሪያ፣ ከግድግዳና ከብረት ቁም ሣጥን እየተንጸባረቀ በብዙ መንገድ ወደ ተቀባዩ ይደርሳል። ይህ እንደ ገደል ማሚቶ ያለ መደራረብ የገመድ አልባ መረብን ለሚሠሩ መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ ፈተና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጆን ኦሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ችግር ጠቃሚ መፍትሔ አበርክተዋል። ኦሱሊቫን ከዚያ ቀደም፣ እስጢፈን ሆኪንግ ይፈነዳሉ ብሎ ከተነበያቸው ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ይመነጫል የተባለውን የራዲዮ ምልክት ሲፈልጉ ከነበሩት ተመራማሪዎች አንዱ ነበሩ። ምልክቱ አልተገኘም፤ በዚያ ዘርፍ የተዛባ ምልክትን በሒሳብ ለማጥራት የተገኘው ልምድ ግን በኋላ ለቤታችን ኢንተርኔት ተረፈ።

ይህን ያነሣነው ለታሪኩ ውበት ብቻ አይደለም። ማሚቶውን የመለየት ጥበብ ዛሬ በርካሹም ራውተር ውስጥ አለ። ስለዚህ ርካሹን ከውዱ የሚለየው እርሱ አይደለም። ያልደረሰን ሞገድ ግን የትኛውም ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ሊፈጥረው አይችልም።

በመጀመሪያ መስመሩ

ኢንተርኔት ወደ ቤታችን የሚገባው በአመዛኙ ከሦስት መንገዶች በአንዱ ነው፤ በመዳብ የስልክ ገመድ፣ በፋይበር ወይም በሞባይል ሲም ካርድ። ለእያንዳንዱ መንገድ የሚሆነው ዕቃ የተለያየ ነው። በስልክ ገመድ ለሚመጣው መስመር በውስጡ የኤዲኤስኤል ወይም የቪዲኤስኤል ሞደም ያለው ራውተር ያስፈልጋል። በፋይበር ለሚመጣው፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሣጥን አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚተክል ሲሆን፣ የምንገዛው ራውተር ከዚያ ሣጥን ጋር በኔትወርክ ገመድ የሚያያዝ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የሲም ካርድ ማስገቢያ ያለው ነው። ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው፣ ጥራቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ጨርሶ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚመጣው የመስመሩ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር የከፈለ ቤተሰብ በሣጥኑ ላይ 1200 የተጻፈበትን ራውተር ቢገዛ ከኢንተርኔት የሚያገኘው ያንኑ 10 ሜጋቢት ነው። ከመንገድ የሚገባው የውኃ ቧንቧ ግማሽ ኢንች ሆኖ ሳለ በቤት ውስጥ የሁለት ኢንች ቧንቧ መዘርጋት ውኃውን አያበዛውም። ሜጋቢትና ሜጋባይት የተለያዩ መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ማለት ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ማለት ነው። በዚህ መስመር 100 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለማውረድ ቢያንስ 80 ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህ የመስመሩ ልክ እንጂ የራውተሩ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው አዲስ ራውተር ከመግዛቱ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ እንዲያደርግ እንመክራለን። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከነባሩ ራውተር ጋር አያይዞ ፍጥነቱን ይለካ፤ ልኬቱንም ጠዋትና ማታ ይደጋግመው። ከዚያም በስልኩ አማካይነት በመጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ ግንኙነቱ በሚያስቸግረው ክፍል ውስጥ ይለካ። በገመዱም ጭምር ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ መጠየቅ ያለበት በቅድሚያ አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ ራውተር አያድነውም። ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ በሩቁ ክፍል ከወደቀ ግን ችግሩ የሞገዱ ነው፤ ወደ ግድግዳው እንድንሄድ የሚያደርገንም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው

በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንባቸው ዓመታት የኖርንባቸው ብዙዎቹ ቤቶች አጥንታቸው እንጨት፣ ልባሳቸው ቀጭን የጂፕሰም ሰሌዳ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚወጡት የራውተር ምዘናዎችም በብዛት የሚሠሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። የጂፕሰም ሰሌዳ የሞገዱን ኃይል የሚቀንሰው በጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ያሉት ቤቶች ግን የብሎኬት ግድግዳ፣ ፌሮ የታሰረበት የአርማታ ዓምድና ወለል፣ የብረት በርና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ናቸው። የአርማታ ግድግዳ፣ እንደ ውፍረቱና እንደ ፌሮው ብዛት፣ ሞገዱን ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያዳክመው ይችላል። 10 ዴሲቤል ማለት ከአሥር አንድ እጅ፣ 20 ዴሲቤል ማለት ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። «ይህ ራውተር ሦስት መኝታ ቤት ይበቃል» የሚለው የውጭ አገር ምስክርነት ለእኛ ቤት ምስክርነት ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኃይሉ እጥፍ የሆነ ራውተር መግዛትስ? ኃይልን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ 10 ዴሲቤል የሚወስደውን ግድግዳ አያሸንፍም። ከዚህም በላይ የራውተር የማሰራጫ ኃይል በሕግ የተገደበ ነው፤ ለምሳሌ በአውሮፓ በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ የተፈቀደው ጣሪያ 100 ሚሊዋት ነው። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ግንኙነት የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ ወደ ስልካችን እንደሚያሰራጭ ሁሉ ስልካችንም ወደ ራውተሩ ማሰራጨት አለበት፤ የስልኩ ባትሪና አንቴና ደግሞ ትናንሽ ናቸው። የራውተሩ ድምፅ ቢጎላም የስልካችን መልስ ካልደረሰ ንግግር የለም። በስልኩ ላይ የሲግናሉ ምልክት ሞልቶ እየታየ ገጹ አልከፈት የሚለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚሠራው መፍትሔ ቦታን መለወጥ ነው። በገላጣ ቦታ የሞገድ ጥንካሬ ከርቀቱ ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ርቀቱን ከ8 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማሳጠር ኃይሉን አራት እጥፍ፣ ማለትም በ6 ዴሲቤል ያሳድገዋል። በመንገዱ ላይ አንድ የአርማታ ግድግዳ ከቀነሰ ደግሞ ጥቅሙ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች ራውተሩ የሚቀመጠው ገመዱ ከውጭ በሚገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም በቡፌው ውስጥ ነው። መስመሩን የሚዘረጋው ባለሙያ ሲመጣ ገመዱን ጥቂት ሜትሮች አስረዝሞ ወደ ቤቱ መካከል እንዲያደርሰው መጠየቅ፣ ከአዲስ ራውተር ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ወጪ ያለው መፍትሔ ነው። ራውተሩ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከመስተዋት፣ ከማቀዝቀዣና ከብረት ዕቃ ርቆ፣ በግልጽ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ስለ አንቴናው አቀማመጥም አንድ ነገር እንበል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚያሰራጨው በዙሪያው ወደ ጎን ነው፤ የጀበና ማስቀመጫ ማቶት አንቴናው ላይ እንደተጠለቀ አድርገን ልናስበው እንችላለን። በአንቴናው ጫፍ አቅጣጫ በቀጥታ ወደ ላይ የሚሄደው ሞገድ እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ወለል ላይ ለተሠራ ቤት አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ፎቅ ላለው ቤት ግን ከአንቴናዎቹ አንዱን ማጋደም የላይኛውን ወለል ይጠቅማል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ችግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ጎረቤት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ከቁጥር 1 እስከ 13 ያሉ ቻናሎች ቢኖሩም፣ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ በመሆናቸው ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት በተለምዶ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች በዕድር ስብሰባ ላይ እንዳሉ ሰዎች አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ራውተር ሲኖር ወረፋው ረጅም መሆኑ አይቀርም። የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ባንድ፣ በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ሁካታውን ይጨምራል። እንዲህ ባለ ቦታ 5 ጊጋኸርዝ ባንድ ያለውን ራውተር መምረጥ ተገቢ ነው። የዚህ ባንድ ሞገድ በግድግዳ ቶሎ ይዳከማል፤ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ይህ ጉድለት ወደ ጥቅም ይለወጣል፤ የእኛን ሞገድ የሚያዳክመው ግድግዳ የጎረቤታችንንም ያዳክማልና። በሰፊ ግቢ ውስጥ እስከ ሰርቪስ ቤት መድረስ ለሚፈልግ ሰው ግን የተሻለው 2.4 ጊጋኸርዝ ነው።

ቤቱ ትልቅ ሆኖ አንድ ራውተር ካልደረሰስ? ብዙ ሰው የሚገዛው ሲግናል ማራዘሚያውን ነው። አብዛኛው ርካሽ ማራዘሚያ ግን የተቀበለውን በዚያው ቻናል ደግሞ ስለሚያሰራጭ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ደካማ ሲግናል በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ከተተከለም የሚያራዝመው ያንኑ ደካማውን ነው። ከዚህ ይልቅ የኔትወርክ ገመድ ወደ ሩቁ ክፍል ዘርግቶ በዚያ ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት መትከል የተሻለ ነው። ገመዱን ግድግዳው አያዳክመውም።

በመጨረሻ ሣጥኑ

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ሣጥኑን ማንበብ ቀላል ይሆናል። ለምሳሌ «ኤሲ 1200» የሚለውን እንውሰድ። ይህ ቁጥር በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋቢት ተደምሮ 1167 ከሆነ በኋላ ወደ 1200 የተጠጋጋ ነው። አንድ ስልክ በእንዲህ ዓይነቱ ራውተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው በአንዱ ባንድ ብቻ ስለሆነ፣ ድምሩን የሚያገኝ መሣሪያ የለም። ከዚያም ላይ ሞገዱ ለተራ ጥበቃና ለማረጋገጫ መልእክት የሚያውለው ጊዜ ሲቀነስ፣ በተግባር የሚገኘው ከተጻፈው ግማሽ አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። የገመድ መሰኪያውም ይታይ። በሣጥኑ 1200 ተጽፎባቸው መሰኪያቸው ግን በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ የማያሳልፍ ራውተሮች በገበያ ላይ አሉ። የፋይበር መስመሩ ከ100 ሜጋቢት በላይ ለሆነ ሰው መሰኪያው ጊጋቢት መሆን አለበት።

የአንቴናው ብዛትም ቢሆን በራሱ ብዙ አይነግረንም። ብዙ አንቴናዎች በርካታ የመረጃ ፍሰቶችን ጎን ለጎን ለማስተላለፍ ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ስልካችን አንድ ወይም ሁለት ፍሰት ብቻ የሚቀበል ከሆነ የቀሩት ለእርሱ የሚያስገኙት ጥቅም ውስን ነው። ከአንቴናው ይልቅ ትውልዱን መመልከት ይበጃል። የመጀመሪያው 802.11 መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ ቢበዛ 2 ሜጋቢት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ትውልዶቹ ዋይ ፋይ 4፣ 5፣ 6 እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ለአብዛኛው ቤት ሁለቱም ባንዶች ያሉት ዋይ ፋይ 5 ይበቃል። ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ለሚያገናኝ ቤት ደግሞ የመሣሪያዎቹን ተራ በተሻለ ሥርዓት የሚያከፋፍለው ዋይ ፋይ 6 ይመረጣል።

ሣጥኑ ላይ በትንሹ የሚጻፈው የደኅንነት መስመር በእኛ አስተያየት ከፍጥነቱ ቁጥር ይበልጣል። ደብሊው ኢ ፒ የተባለው የቀድሞ መቆለፊያ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2001 ታውቋል፤ እርሱን ብቻ የሚደግፍ አሮጌ ዕቃ በስጦታም ቢሰጥ መወሰድ የለበትም። ቢያንስ ደብሊው ፒ ኤ 2፣ ቢቻል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ያስፈልጋል። ራውተሩ ከፋብሪካ የመጣበት የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በተተከለበት ዕለት ይለወጥ። ይህን አለማድረግ የቤትን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ስለ መብራትም እናስብ። 8 ዋት የሚወስድ ራውተር ዓመቱን ሙሉ ቢበራ የሚፈጀው 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ለራውተሩ የሚስማማ ቮልቴጅ የሚሰጥ አነስተኛ መጠባበቂያ ባትሪ መግዛት ራውተሩን በውድ ከመለወጥ የበለጠ ይጠቅማል። ሆኖም የፋይበሩ ሣጥን ለብቻው ከሆነ እርሱም ከባትሪው ጋር ካልተያያዘ መስመሩ መቋረጡ አይቀርም።

የእኛ ድርሻ

በእርግጥ አዲስ ራውተር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ነባሩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ያለውና በጎረቤት ሞገድ የተከበበ ከሆነ፣ መሰኪያው ከመስመሩ ፍጥነት በታች ከሆነ፣ ወይም አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ካቆመ መለወጡ ተገቢ ነው። የምንቃወመው መግዛትን ሳይሆን ሳይለኩ መግዛትን ነው።

እዚህ ላይ ወቀሳውን ለሻጩ ብቻ መተው ፍትሐዊ አይሆንም። ሻጩ የሚናገረው ገዢው የሚጠይቀውን ነው፤ ገዢው ምን መጠየቅ እንዳለበት ማስተማር ያለብን ደግሞ እኛ የፊዚክስ መምህራን ነን። በየዓመቱ የማክስዌልን እኩልታዎች በሰሌዳ ላይ የምናስተምራቸው ተማሪዎች በኪሳቸው የሞገድ መለኪያ ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሲግናልን ጥንካሬ በዴሲቤል ሚሊዋት የሚያሳዩ ፕሮግራሞች በስማርት ስልክ ላይ ይገኛሉና። ለምስል ጥሪ ከ-67 ያላነሰ ጥንካሬ ይመከራል፤ ወደ -80 ሲወርድ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን በብሎኬት፣ በአርማታ፣ በጭቃና በቆርቆሮ ግድግዳ ኋላ እየለኩ የራሳችንን ቤቶች የሚመለከት ሠንጠረዥ ቢያዘጋጁ፣ ለእነርሱ ጥሩ የቤተ ሙከራ ትምህርት፣ ለከተማው ነዋሪ ደግሞ ከየትኛውም የውጭ አገር ምዘና የበለጠ የሚታመን መመሪያ ይሆናል። ሥራው አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሜትር፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ሁሉም ተማሪ የያዘው ስልክ ይበቃል። የትምህርት ክፍሎቻችን ይህን ልምምድ በመጪው የትምህርት ዘመን እንዲጀምሩት ሐሳብ እናቀርባለን።